ዘመድ ሲታሰር፦ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ዋስትና እንዴት እንደሚሠራና የዋስትና ድርጅት እንዴት እንደሚመረጥ

ስልኩ የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። «ወንድሜን ያዙት። 10,000 ዶላር ያስይዝ ተብሏል። አንድ ድርጅት ደግሞ 1,000 ብቻ ከፍለሽ አስወጪው ይለኛል። ልክፈል?» የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለደነገጠ ሰው በስልክ፣ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ስለማይቻል እዚህ ጻፍኩት። ጠበቃ አይደለሁም። ይህ መመሪያ ጠበቃ እስኪያገኙ ድረስ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ገንዘብዎንና ፊርማዎን በከንቱ እንዳይሰጡ ለመርዳት ነው።

የምጽፈው ስለ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስለ ሜሪላንድና ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዲሲ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሰው በአንድ ጉዞ ሦስት የተለያዩ የዋስትና ሕጎችን ያቋርጣል። በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ከሆነ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ይጠቅምዎታል፤ ቁጥሮቹን ግን እዚያው ካለ ጠበቃ ያረጋግጡ።

ከሁሉ በፊት ሊገባዎት የሚገባው

አገር ቤት ዋስ ማለት ሰው ነው፤ ደመወዙን አስመስክሮ የሚፈርም ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ። ጥሬ ገንዘብ ከተያዘም ጉዳዩ ሲዘጋ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ግንዛቤ ይዞ አሜሪካ ውስጥ የዋስትና ድርጅት በር ያንኳኳል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው፤ ድርጅቱ ነጋዴ ነውና። ለእርሱ የሚከፍሉት የአገልግሎት ዋጋ እንጂ መያዣ ስላልሆነ አይመለስም።

በእንግሊዝኛ «ቤይል» የሚባለው ቅጣት አይደለም። ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ማረጋገጫ ነው። ሰውየው ሲያዝ ከሚከተሉት አንዱ ይወሰናል፦

- «ፐርሰናል ሪኮግኒዛንስ»፦ እቀርባለሁ ብሎ ፈርሞ ያለ ገንዘብ ይወጣል። ከአገር ቤቱ የመታወቂያ ዋስ ጋር ይቀራረባል።
- «አንሴኪዩርድ ቦንድ»፦ የገንዘብ መጠን ይጻፋል፤ አሁን ግን ምንም አይከፈልም። ከቀጠሮ ከቀረ ያን ገንዘብ ይጠየቃል።
- «ሴኪዩርድ ቦንድ»፦ ከመውጣቱ በፊት ገንዘብ፣ ንብረት ወይም የዋስትና ድርጅት ዋስትና መቅረብ አለበት።
- «ኖ ቦንድ»፦ ዋስትና ተከልክሏል። ይህን ሊለውጥ የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ «እኔ አስወጣዋለሁ» የሚል ድርጅት ካገኙ ስልኩን ይዝጉት።

የዋስትና ድርጅት የሚያስፈልገው በሦስተኛው ሁኔታ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የታሳሪው ሙሉ ስም፣ በመንጃ ፈቃዱ ወይም በግሪን ካርዱ ላይ በተጻፈበት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ
- በሰነዶቹ ላይ ያለው የልደት ቀን (እውነተኛው የልደት ቀን ሌላ ቢሆንም)
- አሜሪካዊ ዜጋ ካልሆነ የ«ኤ» ቁጥሩ (ኢሚግሬሽን የሰጠው የመዝገብ ቁጥር) እና የትውልድ አገሩ
- የእርስዎ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ
- ዋስ የሚፈርም ሰው የገቢ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት
- ታሳሪው ሥራ፣ ቤትና ቤተሰብ እንዳለው የሚያሳዩ ወረቀቶች፦ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስረጃ
- ደብተርና እስክሪብቶ። ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና የተነገረዎትን በሙሉ ይጻፉ። የደነገጠ ሰው ቁጥር ይረሳል።

እርምጃ 1፦ የት እንደተያዘ ራስዎ ያረጋግጡ

የደወለልዎ ሰው በሰጠዎት ቁጥር አይደውሉ። የእስር ቤቱን ቁጥር ራስዎ ፈልገው ይደውሉ፤ ወይም በእስር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የታሳሪዎች መፈለጊያ ይጠቀሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ልጅዎ ታስሯል፣ የዋስትና ገንዘብ አሁኑኑ ይላኩ» የሚል የማጭበርበር ጥሪ የተለመደ ነው። በስጦታ ካርድ፣ በዜል ወይም በክሪፕቶ ዋስትና የሚቀበል ፍርድ ቤት የለም።

ስሙ ካልተገኘ ተስፋ አይቁረጡ። የእኛ ስም አመዘጋገብ ብዙ ሠራተኞችን ያሳስታል። አንድ ቤተሰብ ልጃቸውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲፈልጉ አብሬአቸው ነበርኩ። እነርሱ በአባቱ ስም ይጠይቃሉ፤ እስር ቤቱ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቦታል። በመጨረሻ ያገኘነው በልደት ቀኑ ነው። ስለዚህ በአባት ስም፣ በአያት ስም፣ ከዚያም በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ። ብዙዎቻችን በሰነድ ላይ ልደታችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ የመታወቂያውን ቀን ይስጡ እንጂ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር እያሰሉ አይናገሩ። ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራም ዝምድናዎን በቃል ያስረዱ።

ሲያገኙት በ«ቡኪንግ» (እስር ቤት ሲገባ በሚደረገው ምዝገባ) ጊዜ የተሰጠውን ቁጥር ይጻፉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በዚህ ቁጥር ነው የሚሄደው።

እርምጃ 2፦ በየትኛው ሕግ ሥር እንዳለ ይለዩ

ቨርጂኒያ ከሆነ፦ የተያዘው ሰው ማጅስትሬት (ከዳኛ በፊት ስለ ዋስትና የሚወስን ባለሥልጣን) ፊት ይቀርባል። ማጅስትሬቶች ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ይሠራሉ። ዋስትና ከከለከሉ ወይም የተጠየቀው ገንዘብ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲከፈት ለዳኛ ይቀርባል። የዋስትና ድርጅቶች እዚህ ይሠራሉ።

ሜሪላንድ ከሆነ፦ በመጀመሪያ የሚያየው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ኮሚሽነር ነው፤ እርሱም 24 ሰዓት ይሠራል። ኮሚሽነሩ ካልለቀቀው በሚቀጥለው የፍርድ ቤት የሥራ ቀን ዳኛ ዋስትናውን እንደገና ይመረምራል። የዋስትና ድርጅቶች እዚህም አሉ።

ዲሲ ከሆነ፦ እዚህ ላይ በደንብ ያስተውሉ። የዲሲ ሕግ ዳኛ አንድን ሰው ሊከፍለው በማይችለው ገንዘብ ምክንያት ብቻ ታስሮ እንዲቆይ ማድረግን ይከለክላል። በተግባር ሰውየው ፍርድ ቤቱ በሚያስቀምጣቸው ግዴታዎች ይለቀቃል፤ አለበለዚያ ዋስትና ተከልክሎ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ ዲሲ ለተያዘ ሰው የዋስትና ድርጅት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ «ለዲሲው ጉዳይ 2,000 ላኩ» የሚልዎት ሰውም አጭበርባሪ ነው ብለው ይነሱ። እዚያ የሚያስፈልገው ጠበቃ ነው፤ አቅም ለሌለው ፍርድ ቤቱ ያቆምለታል።

እርምጃ 3፦ ከመክፈልዎ በፊት አምስት ነገር ይጠይቁ

እስር ቤቱን ወይም ማጅስትሬቱን (ሜሪላንድ ከሆነ ኮሚሽነሩን) እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ክሱ ምንድን ነው? ቀላል ወንጀል ነው ወይስ ከባድ?
2. የተወሰነው የዋስትና ዓይነትና መጠን ምን ያህል ነው?
3. የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ነው?
4. ከገንዘቡ ሌላ የተቀመጠ ሁኔታ አለ?
5. በላዩ ላይ ሌላ «ሆልድ» አለ? የሌላ ካውንቲ የመያዣ ትእዛዝ ወይም የኢሚግሬሽን «ዲቴይነር»?

አምስተኛውን ሳይጠይቁ አንድ ዶላር አይክፈሉ። በፌርፋክስ ከፍለው ቢያስለቅቁት፣ በፕሪንስ ዊሊያም ሌላ የመያዣ ትእዛዝ ካለበት ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ ወደ ቤቱ አይመጣም። ለድርጅቱ የከፈሉት ገንዘብ ግን ሄዷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲቴይነር ካለ

ዲቴይነር የፌዴራል ኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት፣ ሰውየው ከሚለቀቅበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 48 ሰዓት እንዲያዝላቸው ለእስር ቤቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። እስር ቤቱ ጥያቄውን ይፈጽማል ወይ የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋስትናውን ሲከፍሉ ሰውየው በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን እጅ ሊገባ፣ ከዚያም ሩቅ ክፍለ ግዛት ወዳለ ማቆያ ሊወሰድ ይችላል። ያን ጊዜ የወንጀል ቀጠሮው ላይ መቅረብ ያቅተዋል፤ ዋስ የፈረሙት እርስዎም ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ዲቴይነር አለ ከተባለ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ ከዚያ ክፍያ። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥ።

የኢሚግሬሽን ዋስትና ሌላ ነገር መሆኑንም ይወቁ። ዝቅተኛው መጠን በሕግ 1,500 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ከፋዩም ሕጋዊ የመኖሪያ ሁኔታ ያለው ሰው መሆን አለበት። ጨርሶ ይህን ዋስትና የማይፈቀድላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ ደንቡም በቅርብ ጊዜ በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። በፌዴራሉ የእስረኞች መፈለጊያ ላይ ሲፈልጉ የትውልድ አገር ይጠየቃሉ። ሱዳን ወይም ኬንያ ስደት ላይ የተወለደ ልጅ በዜግነቱ «ኢትዮጵያ» ቢባልም መዝገቡ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይሞክሩ።

እርምጃ 4፦ ከታሳሪው ጋር ሲያወሩ ስለ ጉዳዩ አይናገሩ

ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ይቀዳል። በአማርኛ ስለሆነ አይገባቸውም የሚለው ግምት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ አስተርጓሚ አላቸው። «ምን ሆነህ ነው? መታኻት እንዴ?» ብለው አይጠይቁ፤ እርሱም ሊመልስ ሲጀምር ያስቁሙት። ስለ ጤንነቱ፣ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ፣ ለአሠሪው ምን እንደሚነገር፣ ጠበቃ እየተፈለገ መሆኑን ብቻ ያውሩ። የሆነውን ነገር የሚናገረው ለጠበቃው ብቻ ነው።

እርምጃ 5፦ የሚሻለውን መንገድ ይምረጡ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። በ10,000 ዶላር ሴኪዩርድ ቦንድ እናስላው።

ሙሉውን ለፍርድ ቤት ማስያዝ፦ 10,000 ዶላር ያስይዛሉ። ተከሳሹ ቀጠሮዎቹን ሁሉ ካከበረ ጉዳዩ ሲዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ተቀናሽ ሊኖር ስለሚችል ሲከፍሉ ይጠይቁ። ቤተ ዘመድ ተረዳድቶ ማዋጣት ከቻለ ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ስሙ ደረሰኙ ላይ ለሰፈረው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ በወረቀት ጽፈው ሁላችሁም ፈርሙበት። በመዋጮ የወጣ ሰው በመዋጮው ሲጣላ አይቻለሁ።

በዋስትና ድርጅት፦ በቨርጂኒያ ሕግ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ከዋስትናው መጠን ከ10 ከመቶ በታች ወይም ከ15 ከመቶ በላይ ሊሆን አይችልም። ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ አይመለስም፤ ክሱ በሳምንቱ ቢነሳም፣ ሰውየው ነፃ ቢባልም አይመለስም። በዚያ ላይ ሰውየው ከጠፋ አብረው የፈረሙት እርስዎ የ10,000 ዶላር ዕዳ አለብዎት።

ቤት ማስያዝ፦ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ቤት ስለሆነም ያለ ጠበቃ አይሞክሩት።

ዳኛው ፊት እስኪቀርብ መጠበቅ፦ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ሌሊት ላይ የተወሰነ 10,000 ዶላር ጠዋት ዳኛ ፊት ሊቀንስ ወይም ጨርሶ ሊነሳ ይችላል። ማታ 1,000 የከፈለ ሰው ግን ጠዋት ቢቀንስለትም ገንዘቡን አያገኝም። ታሳሪው የታመመ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አንድ ቀን ቢቀር ሥራውን የሚያጣ ካልሆነ፣ ቀጣዩ የፍርድ ቤት ቀን ነገ ከሆነ፣ እኔ ብጠየቅ ጠብቁ እላለሁ። አርብ ማታ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ እስከ ሰኞ ሁለት ቀን ተኩል አለና።

ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሌላ በር አለ። ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ሳይሆን 10 ከመቶውን ለፍርድ ቤቱ እንዲያስይዙ ሊፈቅድ ይችላል። ያው 1,000 ዶላር ነው፤ ልዩነቱ ለፍርድ ቤት ከተያዘ ተመላሽ መሆኑ፣ ለድርጅት ከተከፈለ አለመመለሱ ነው። ድርጅት ከመደወልዎ በፊት «10 ከመቶውን እዚህ ማስያዝ ይፈቀዳል?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ አንድ ጥያቄ ስንት ሰው 1,000 ዶላር አትርፏል!

እርምጃ 6፦ ለዋስትና ችሎቱ ይዘጋጁ

ለመጠበቅ ከወሰኑ ጠዋቱን በከንቱ አያሳልፉት። ዳኛው የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ ይቀርባል ወይ? ለሌላ ሰው አደጋ ነው ወይ? ስለዚህ የአሠሪውን ደብዳቤና የኪራይ ውሉን ለጠበቃው ይስጡ፤ የቤተሰቡ አባላትም ችሎቱ ውስጥ ይቀመጡ። ጠበቃው ዞር ብሎ «ወንድሙና እህቱ እዚህ አሉ፣ ቤታቸው ይቀበሉታል» ማለት ሲችል ይለያል።

ጠበቃ ለመክፈል አቅም ለሌለው ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆማል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ አላቸው። የአማርኛ አስተርጓሚም በነፃ ይመደባል፤ ታሳሪው እንግሊዝኛ «ይሞክራል» ቢባልም አስተርጓሚ ይጠይቅ። ገና በግማሽ ጆሮ የተሰማ ጥያቄ ላይ «የስ» ማለት የሚያመጣውን ጣጣ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዛሬውኑ ለመውጣት ሲል ጥፋተኛ ነኝ አይበል። ቀላል የሚመስል የጥፋተኝነት ቃል ግሪን ካርድ ሊያሳጣና ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው ይህን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት። ታሳሪው «ይህ ቃል ኢሚግሬሽኔን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ጠበቃውን ሳይጠይቅ ምንም አይቀበል።

እርምጃ 7፦ የዋስትና ድርጅት ካስፈለገ፣ ፈቃዱን ያጣሩ

ሦስት ድርጅቶችን ይደውሉ፤ አንድ ብቻ አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው ቨርጂኒያ ውስጥ የክፍለ ግዛቱ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መምሪያ ነው፤ በተለምዶ ዲሲጄኤስ ይባላል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር ነው። በሁለቱም ድረ ገጽ ላይ የፈቃድ መፈለጊያ አለ። ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን እርስዎን የሚያስፈርመውን ወኪል ስምና የፈቃድ ቁጥር ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ አቤቱታ የሚያቀርቡት በዚያ ቁጥር ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ወኪል በፍርድ ቤት፣ በእስር ቤት ወይም በዙሪያቸው ባለ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ራሱ ቀርቦ ደንበኛ መለመን አይፈቀድለትም። በእስር ቤቱ መግቢያ ላይ «እኅቴ፣ ሰው አለሽ እዚህ?» ብሎ የቀረበዎትን ሰው ይለፉት፤ ገና ከመጀመሪያው ሕግ የጣሰ ሰው ውሉን ያከብራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አማርኛ መናገሩም ዋስትና አይሆንም።

በስልክ ይህን ይጠይቁ፦ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ከዚያ ሌላ ክፍያ አለ? መያዣ ይጠይቃሉ? ስንት ፈራሚ? በየጊዜው ይከፈላል ካሉ፣ ቀሪው ስንት ነው፣ አንድ ክፍያ ቢዘገይስ ምን ይሆናል? «5 ከመቶ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይደሰቱ። ብዙውን ጊዜ ቅድመ ክፍያው ብቻ ነው፤ ቀሪው በእርስዎ ስም የተጻፈ ዕዳ ነው።

እርምጃ 8፦ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ

አንዲት እናት ያሳየችኝን ወረቀት አልረሳውም። ሌሊት፣ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በወኪሉ መኪና ኮፈን ላይ ነው የፈረመችው። አራት ገጽ ነው። እርሷ ደረሰኝ መስሏታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ልጇ ከቀረ ሙሉውን 15,000 ዶላር፣ የፍለጋ ወጪና የጠበቃ ክፍያ ጨምራ እንደምትከፍል ተጽፏል፤ ከስሩ የእርሷ ፊርማ አለ፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። ልጁ ቀጠሮውን አከበረ፤ ከዕዳው ዳነች። ነገር ግን ለአንድ ዓመት ያህል ምን እንደፈረመች ሳታውቅ ኖራለች።

ውሉ ላይ እነዚህን በጣትዎ እየተከተሉ ይፈልጉ፦

- የእርስዎ ሚና። «ኮሳይነር» ወይም «ኢንደምኒተር» የሚል ካለ ለሙሉው ገንዘብ ተጠያቂ ነዎት።
- መያዣው። የመኪናዎ ሊብሬ ወይም ቤትዎ ተጠቅሷል? መቼ እንደሚመለስ ተጽፏል?
- የባዶ መስመር። አንድም ክፍት ቦታ ትተው አይፈርሙ፤ በሰረዝ ይዝጉት።
- የተከሳሹ ግዴታዎች። በየሳምንቱ መደወል፣ ከክፍለ ግዛት አለመውጣት፣ አድራሻ ሲቀይር ማሳወቅ። እነዚህን ከጣሰ ድርጅቱ ራሱ መልሶ ለእስር ቤት ሊያስረክበው ይችላል፤ ክፍያውን አልመልስም ሊል የሚችለውም በዚሁ ውል ነው።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለሚያነብልዎ ሰው ይላኩና ይጠብቁ። «ጊዜ የለም» የሚል ወኪል ካለ ጊዜ ያለው ሌላ ወኪል ይደውሉ። ዘመድዎ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይሻላል።

እርምጃ 9፦ ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይያዙ፣ ይጠብቁ

መጠኑ፣ ቀኑ፣ የወኪሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ለመያዣ የሰጡት ነገር ካለ ለብቻው ደረሰኝ ይያዙ። ክፍያው እንዳለቀ ሰውየው ወዲያው አይወጣም፤ ማስለቀቁ ሰዓታት ይፈጃል። በየአሥር ደቂቃው መደወል አያፋጥነውም።

እርምጃ 10፦ ከወጣ በኋላ

የሚቀጥለውን ቀጠሮ በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እያመሳከሩ ይጻፉ። ሁለት ነገር እኛን በተለይ ያሳስተናል። አንደኛው ቀኑ ነው፤ አሜሪካ ወር ይቀድማል፤ 05/06 ማለት ሜይ 6 እንጂ ጁን 5 አይደለም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ወረቀቱ 9:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ዘመዱ «9 ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ስለነገረው ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት የደረሰ ሰው አውቃለሁ። ክራቫት አስሮ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር የመጣው። የመያዣ ትእዛዙ ግን ጠዋት ወጥቷል።

ከቀጠሮ መቅረት በራሱ ሌላ ወንጀል ነው። ከቀረ ግን ፈጥኖ መንቀሳቀስ ዋጋ አለው፤ የዚያኑ ዕለት ለጠበቃውና ለድርጅቱ ይደውሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ሰውየው ከቀጠሮ መቅረቱን ከወሰነ በኋላ በ150 ቀናት ውስጥ ሰውየው ፍርድ ቤት ከመጣ፣ ፍርድ ቤቱ የዋስትናው ገንዘብ እንዲወረስ የሰጠውን ውሳኔ ሊያነሳ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤት ውስጥ ጠብ ከሆነ

ባል ሚስቱን፣ ወይም ሚስት ባሏን በሚመለከት ክስ የተያዘ ሰው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ «አትገናኙ» የሚል ትእዛዝ አብሮት ይወጣል። ሚስቲቱ ራሷ ከፍላ ብታስወጣው እንኳ ትእዛዙ እስካልተነሳ ድረስ ወደ ቤት ይዛው መግባት አትችልም። ሽማግሌ መላክም አደጋ አለው። በእኛ ወግ ትክክለኛው ነገር ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ ነው፤ እዚህ ግን በተከሳሹ ስም በሦስተኛ ሰው በኩል መልእክት ማድረስ ትእዛዙን እንደ መጣስ ተቆጥሮ ሰውየውን መልሶ ሊያሳስረው ይችላል። ቀሲስም ይሁኑ የእድር ዳኛ፣ መጀመሪያ የተከሳሹን ጠበቃ ያነጋግሩ። ሰውየው የሚያድርበትን ሌላ ቤት አስቀድመው ያዘጋጁ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- ዋስትናው ከመወሰኑ በፊት ለድርጅት ቅድሚያ መክፈል። መጠኑ ሳይታወቅ የሚከፈል ነገር የለም።
- «ለስሙ ያህል ፈርምልኝ» ሲባሉ መፈረም። የፈረመ ሰው ሙሉ ባለ ዕዳ ነው።
- ክሱ ሲነሳ የቀረውን የድርጅት ክፍያ ማቆም። ዕዳው ከክሱ ጋር አይነሳም፤ ድርጅቱ ሊከስዎት ይችላል።
- በዋስ ላይ እያሉ ለሐዘን ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ ትኬት መቁረጥ። መጀመሪያ የፍርድ ቤት ፈቃድ፣ ድርጅት ካለ የድርጅቱም ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል።
- ስለ ጉዳዩ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መጻፍ። ዐቃቤ ሕግ ያነበዋል።

እርምጃ 11፦ ጉዳዩ ሲዘጋ ገንዘብዎንና መያዣዎን ያስመልሱ

ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይውሰዱ። ቅጂውን ለድርጅቱ ሰጥተው መያዣዎን ይጠይቁ፤ የመኪና ሊብሬ ወይም በቤትዎ ላይ የተመዘገበ እዳ ካለ መነሳቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በድርጅት ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ አስይዘው ከነበረ፣ ደረሰኙን ይዘው እዚያው መዝገብ ቤት ገንዘቡ እንዴትና መቼ እንደሚመለስ ይጠይቁ። ቼክ በፖስታ የሚላክ ከሆነ የሚሄደው ደረሰኙ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ በመካከሉ ቤት ቀይረው ከሆነ አዲሱን አድራሻ ቼኩ ከመጻፉ በፊት ያስመዝግቡ።